መሐሉ የማን ነው?

ኢንጂነር ዘርአጽዮን ነጭ ሄልሜቱን ምሳ ሲበላ እንኳ የማያወልቅ ሰው ነበር። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ከቦሌ መድኃኔዓለም ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ከወይዘሮ ሃረገወይን አዲስ ሕንፃ ፊት ለፊት አስፋልቱ ዳር ቆመና አወለቀው። ራሱን አከከ። መልሶ አጠለቀው።

«ግማሽ!» አለ ወደ ላይ አንጋጦ። «ግማሽ ሕንፃ አበራሽልን። እግዜር ይስጥሽ፣ ገንዘቤ!»

የመብራቱን ፕሮግራም ጽፋ ከጎኑ የቆመችው ገንዘቤ ምን ትበል? ሐሰት ነው እንዳትል እውነት ነው። የሕንፃው ፊት ወደ ምሥራቅ ስለሆነ በዚያ ሰዓት ጥላ ወርዶበታል፤ ከምድር ቤቱ እስከ አምስተኛው ፎቅ ድረስ ቢጫው መብራት ፍክት ብሎ በርቷል። ከዚያ በላይ ግን ጭልም! አንዲት ነጥብ እንኳ የለችም። ሕንፃው ቀሚሷን ለብሳ ነጠላዋን የረሳች ሴት መሰለ። አላፊ አግዳሚው ቆም እያለ ያያል፤ አንዱ የታክሲ ረዳት ሳይቀር በመስኮት ብቅ ብሎ «እናንተ! ካርድ አልቆባችሁ ነው?» ብሎ ተሳልቆ አለፈ።

ዘመኑ ቦሌ ላይ ሕንፃ እንደ እንጉዳይ የሚፈላበት ነበር። የቀላል ባቡሩ ሐዲድ ገና እየተዘረጋ ነው፤ ጠዋት ያለፍክበት መንገድ ማታ ተቆፍሮ ይጠብቅሃል። ባለሕንፃው ሁሉ ከጎረቤቱ ካልበለጠ እንቅልፍ የለውም። ወይዘሮ ሃረገወይንም መርካቶ ጨርቅ ሲሸጡ ኖረው እዚህ የደረሱ ሴት ናቸውና፣ ስለ ቀለም ማንም አይመክራቸውም። «የኔ ሕንፃ ፊቱ ሁሉ ቀለም ይልበስ» አሉ። «ለእንቁጣጣሽ አደይ ይሁን፤ ለሰርግ የሙሽራ ልብስ ይምሰል።» ስለዚህ የሕንፃው ፊት ከላይ እስከ ታች ሞጁል በሚባሉ ትንንሽ የኤልኢዲ መብራቶች ተሸፈነ። እያንዳንዱ ሞጁል ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን በሆዱ ይዟል፤ እንደታዘዘው እየቀላቀለ የተፈለገውን ቀለም ያወጣል።

ጥያቄው ማን ይዘዛቸው የሚለው ነበር። ዘርአጽዮን የሕንፃው አማካሪ እንደመሆኑ «መቆጣጠሪያ ሳጥኑ ከውጭ ይምጣ» አለ። ገንዘቤ ያኔ የባንክ ሥራዋን ትታ፣ በዳሳ ከሚባል የወለጋ ልጅ ጋር አንዲት የሶፍትዌር ቢሮ ከከፈተች ገና ዓመት አልሞላትም። በስብሰባው መሐል እጇን አነሣች። «ሳጥን አያስፈልግም። ሊኑክስ የሚባል ሲስተም የተጫነባት ትንሽ ኮምፒውተር ትበቃናለች፤ የጎደለው ድራይቨሩ ብቻ ነው።» ዘርአጽዮን ከት ብሎ ሳቀ። «ድራይቨር ከውጭ ይመጣል፣ እኛ እንጭናለን። እዚህ አገር ማን ድራይቨር ይጽፋል?» የገንዘቤ ደም ፈላ። «እኔ እጽፈዋለሁ!» አለች በሰው ሁሉ ፊት። ከአፍ የወጣ ቃልና ከእጅ የወደቀ እንቁላል አይመለስም፤ ጻፈችው።

ቀላል እንዳይመስላችሁ። ኮምፒውተሩን የሚያስተዳድረው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለ መብራት የሚያውቀው ነገር የለም። ድራይቨሩ እንደ ጥሩ ሽማግሌ መሐል ገብቶ ሁለቱን ያግባባል፤ ሲስተሙ ሥዕል ይሰጠዋል፣ እሱ ሥዕሉን ለመብራቶቹ በሚገባቸው ቋንቋ ይነግራቸዋል። መብራቶቹ ደግሞ በአንድ መስመር ተቀጣጥለው የተሰለፉ ናቸው። የመጀመሪያው የራሱን ቀለም ያስቀርና የተረፈውን ለጎረቤቱ ያቀብላል፤ ጎረቤቱም እንደዚያው፣ ድግስ ቤት ሳህን እንደሚቀባበሉ ሰዎች። ትዕግሥት የሚባል ነገር የላቸውም። መልእክቱ ለቅጽበት ከተቋረጠ «በቃ አለቀ» ብለው ባሉበት ይቀራሉ። ገንዘቤና በዳሳ ይህን ጠባያቸውን ለምደው፣ ቢሯቸው ግድግዳ ላይ በሰቀሉት ቁራጭ ላይ ደጋግመው ሞክረው፣ አንድም ሳይንቀጠቀጥ እንዲበራ አድርገው ነበር። ሕንፃው ላይ ግን ኃይሉ የተለቀቀው ገና ዛሬ ነው፤ የምርቃቱ ቀን።

ከዘርአጽዮን ይልቅ ግን ገንዘቤን ያስጨነቃት አባቷ ነበሩ።

አባቷ ኦቦ ሁንዴ የቦሌ ለሚ ገበሬ ነበሩ፤ ዛሬ ለሚ ኩራ በሚባለው በኩል። ጤፍ ያበቅሉበት የነበረው ማሳ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ወዲህ እጃቸው ሥራ ፈታ። በር ላይ ተቀምጠው መኪና ያያሉ። ልጃቸው ተምራ ትልቅ ቦታ እንደደረሰች ይሰማሉ እንጂ ምን እንደምትሠራ ገብቷቸው አያውቅም። አንድ ቀን ባንክ ቤት ሳለች የጻፈችውን ፕሮግራም በላፕቶፕ ብታሳያቸው ረጅም ሰዓት አዩና፣ እንዳይከፋት ተጠንቅቀው ጠየቋት። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ ያረስኩትን ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ያየው ነበር። ያንቺ ሥራ የት ላይ ነው የሚታየው?» ያ ጥያቄ ገንዘቤ ውስጥ እንደ እሾህ ቀረ። የሕንፃው ሥራ ሲመጣ የጓጓችለትም ለዚህ ነበር፤ ስለዚህም «አባዬ፣ በምርቃቱ ምሽት ቦሌ ይምጡ። ሥራዬን መንገድ ዳር ቆመው ያዩታል» አለቻቸው። እሳቸውም ጋቢያቸውን አሳጥበው፣ ለጎረቤት ሁሉ አውርተው፣ ዛሬ ማታ ሊመጡ ነው። ግማሽ ሕንፃ ሊያዩ!

ወይዘሮ ሃረገወይን በዚያ መሐል ከመኪናቸው ወርደው አዩት። አልጮኹም፤ እሱ ይብሳል። «ልጄ፣ እኔ እንግዳ ጠርቻለሁ» አሉ። «ማታ ሙሉው ከበራ ሥራው ያንቺ ነው። ካልበራ ነገ ኢንጂነሩ ሳጥኑን ያዛል፣ ያንቺም ነገር ይነሣል። እንዳትቀየሚኝ።»

«ድራይቨሯ ከግማሽ በላይ መቁጠር አልቻለም፣ እትዬ» አለ ዘርአጽዮን።

«የኔ ድራይቨር የመጨረሻዋ ሞጁል ድረስ ልኳል፣ ኢንጂነር» አለች ገንዘቤ። «በዳሳ አሁን አይቶታል። ችግሩ አሰቃቀሉ ላይ ሳይሆን አይቀርም።»

«አሰቃቀሉ ከሆነማ ያው ነው። አጣናው ወርዷል። መልሰን ለመትከል ሳምንት ይፈጃል።»

እውነቱን ነው፣ በዚህ እንኳ አልዋሸም። ሕንፃውን ዙሪያውን ያለበሰው የባሕር ዛፍ መወጣጫ ለምርቃቱ እንዲያምር ተብሎ ተነቅሎ ጓሮ ተከምሯል። አሁን ስድስተኛ ፎቅ ላይ ያለ መብራት የሚደርስበት ወፍ ብቻ ነው።

ገንዘቤ ወደ ጓሮ ዞረች። መብራቶቹን የሰቀሉት ሠራተኞች በተከመረው አጣና ላይ ተደርድረው፣ ጸጉራቸውን ታጥበው፣ ለግብዣው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው ተቀምጠዋል። አብዛኞቹ ከሸዋና ከጎጃም ገጠር ለሥራ የመጡ ናቸው። አለቃቸው ዱባለ ገና ሲያያት ተነሥቶ ቆመ።

«አንቺ እንደሰጠሽን ሥዕል ነው የሰቀልነው፣ እህቴ! ማርያምን! አንድ አላጎደልንም።»

«ኧረ ማን ምን አለህ፣ ዱባለ?»

«አይ፣ ባለ ሄልሜቱ ዓይኑን ሲያፈጥብኝ ዋለ። ብቻ እኛ እንደ ሥዕሉ ነው።»

ከዚህ በላይ ጠብ የሚል ነገር የለም። ማንም ጥፋተኛ ልባል ነው ብሎ የጠረጠረ ሰው አፉን ይለጉማል፤ ዱባለም ለጎመ። ገንዘቤ ልትመለስ ዞር ስትል ከኋላዋ ሁለት ሠራተኞች ይበሻሸቃሉ። «አንተ ደግሞ ከማን ጋር ነው የምትፎካከር! አምስተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብለን የጠበቅንህን ረሳኸው?» አለ አንዱ። ሌላው «ቁልቁል መውረድ ማን ያቅተዋል! ሽቅብ ስትወጣ ባየንህ!» አለው።

ገንዘቤ እግሯ ተተከለ። ቁልቁል? ሽቅብ?

አንድ ነገር ሽው አለባት። ቀስ ብላ ዞረች፤ ስለ ሽቦም ስለ ሥዕልም አንዲት ቃል አላነሣችም።

«ዱባለ» አለች ፈገግ ብላ፣ «ማን አሸነፈ?»

የሰውየው ፊት እንዴት እንደበራ! ያ ሁሉ ፍርሃት ብን አለ። «እኛ ነና! የላይኞቹ!» ከማለቱ ጓሮው ተናወጠ። የታችኞቹ «ውሸት ነው!» ብለው ብድግ አሉ፤ የላይኞቹ ደረታቸውን ነፉ። ዱባለ እጁን እያወናጨፈ ተረከላት። ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሹ ከጣሪያ ጀመረ፣ ግማሹ ከምድር። መሐል ላይ ሊገናኙ፣ ቀድሞ አምስተኛ ፎቅ የደረሰ ሊያሸንፍ፣ የተሸነፈ ቁርጥ ሊጋብዝ። «በደቦ እንዲህ አይደል እንዴ የሚታጨደው? ከአንድ ጫፍ ብቻ የሚጀምር ሰነፍ ነው። ባንዘፍንበት፣ ባንፎካከርበት ይሄ ሁሉ መብራት መቼ ያልቅ ነበር!»

«ሞጁሉ ላይ ያለው ቀስትስ?»

«ቀስቱማ መሄጃውን ያሳያላ! እኛ ቁልቁል ሄድን፣ ቀስቱም ቁልቁል…» ዱባለ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ወይኔ ዱባለ! ጉድ ሠራሁሽ?»

ገንዘቤ ግን ሳቀች። አንጀቷ እስኪቆስል ሳቀች። በዳሳ ሳቋን ሰምቶ ሮጦ መጣ፤ በጭንቀት አእምሮዋን የሳተች መስሎት «ጌታ ሆይ!» አለ።

እሷ የት እንዳለች ማን ያውቃል! ለሚ ናት፣ በታኅሣሥ፣ ልጅ ሆና፣ ለአጫጆች ውሃ ስታመላልስ። የአባቷ ማሳ ላይ ደቦ ወጥቷል። አንዱ ወገን ከላይኛው ድንበር፣ ሌላው ከታችኛው ድንበር እያጨደ፣ እየዘፈነ ወደ መሐል ይጋፋል። አባቷ ዳገቷ ላይ ቆመው፣ የመጨረሻዋ ቁራጭ ጤፍ ብቻ ስትቀር «መሐሉ የማን ነው?» ብለው ይጮኻሉ። አጫጆቹ በአንድ ድምፅ «የቀደመ ነው!» ይላሉ፤ ከዚያ ማን ይቆጣጠራቸዋል። እሷ ግን የአሰቃቀሉን ሥዕል ስትሥል አንድ ጫፍ ብቻ ቆጠረች። የደቦ ልጅ ሆና!

ነገሩ ሁሉ ወለል አለላት። ቀስቱ የሠራተኛውን ሳይሆን የመልእክቱን መሄጃ ነው የሚያሳየው። መልእክቱ ከታች ተነሥቶ እየተቀባበለ አምስተኛ ፎቅ ይደርሳል፤ ከዚያ በላይ ያሉት መብራቶች ጀርባቸውን ሰጥተውታል። እነሱ የሚጠብቁት ከጣሪያ ነው። እንዲያውም የእነሱ መጀመሪያ ሽቦ ጣሪያው ላይ እስካሁን ባዶውን ተንጠልጥሎ መሆን አለበት።

«አጣና አይተከልም» አለች ለዘርአጽዮን። «ማንም ምንም አይነካም። እነሱ ከሁለት ወገን ከጀመሩ፣ እኔም ከሁለት ወገን እጀምራለሁ።»

«እንግዶቹ ሊገቡ ነው እኮ!»

«ይግቡ። ቤት ለእንግዳ ነው።»

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። ትንሿ ኮምፒውተር ሁለተኛ መውጫ መስመር አላት፤ ድራይቨሩ ግን የሚያውቀው አንዱን ነው። ገንዘቤ ምድር ቤት የጥበቃው ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ማስተማር ጀመረች። ሥዕሉን መሐል ላይ ለሁለት ክፈል፤ የታችኛውን ከታች ጀምረህ ሽቅብ ላክ፣ የላይኛውን ከጣሪያ ጀምረህ ቁልቁል፤ ሁለቱም እኩል ይነሡ፣ አንዱ አንዱን አይቅደም። በዳሳ ደግሞ መልእክቱ ጣሪያ የሚደርስበትን መንገድ አገኘ። የጥበቃው ካሜራ የኔትወርክ ገመድ ጣሪያ ድረስ ተዘርግቷል፤ ካሜራው የሚጠቀመው በውስጡ ካሉት ሽቦዎች ግማሹን ብቻ ነው። «የተረፈው ይበቃናል» አለና መልእክቱ መንገድ ላይ እንዳይደክም የምታበረታውን ትንሽ ማጠናከሪያ ኪሱ ከቶ ደረጃውን ተያያዘው፤ ሊፍቱ ገና አልጀመረም። ዱባለ ከፊቱ እየዘለለ ይመራዋል፤ ጥፋቱን በላቡ ሊያጥብ ቆርጧል።

ትንሽ ቆይቶ ስልኳ ጮኸ። «አገኘነው!» አለ በዳሳ እያለከለከ። «ዱባለ በላስቲክ ጠቅልሎ ጣሪያው ከንፈር ሥር ሸጉጦት ነበር። አፉን ከፍቶ እየጠበቀ ነው!»

ገንዘቤ አዲሱን ድራይቨር ጫነች። ኮምፒውተሩ ቀጥ አለ። እስክሪኑ ደረቀ፤ ከውጭም የታችኛው ግማሽ ድርግም ብሎ ጠፋ።

ድራይቨር ክፋቱ ይሄ ነው። ሌላ ፕሮግራም ሲሳሳት ራሱ ይሞታል፤ ድራይቨር የሲስተሙ ልብ ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ሲሳሳት ቤቱን ይዞ ይወድቃል። ዘርአጽዮን በሩ ላይ ቆሞ «አሁን ደግሞ ግማሹም ሄደ» አለ። ገንዘቤ ጆሮዋን ደፈነች። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አስነሣች፤ የጻፈችውን ከላይ እስከ ታች በዓይኗ ወረደችበት። ከውጭ የመኪና በር ሲዘጋ፣ ሰው ሲሳሳቅ ይሰማታል። አባቷም ደርሰው ይሆናል። አገኘችው! ሁለቱ መስመሮች መልእክታቸውን ከአንድ የማስታወሻ ማድጋ እንዲቀዱ አድርጋለች፤ ሲሻሙ ነው የደፉት። ለእያንዳንዱ የየራሱን ማድጋ ሰጠችና እንደገና ጫነች። ኮምፒውተሩ ቀጥ አላለም። እንግዳ እንዳያይባት አንዲት ነጥብ ብቻ ወደ ጣሪያ ላከች፤ ደብዘዝ ያለች፣ ቀይ።

«በራች!» ብሎ ጮኸ በዳሳ በስልኩ። «ገንዘቤ፣ በራች! ቀይ ናት! ሃሌ ሉያ!» ዱባለ ከጎኑ እንደ ሴት እልል ሲል ይሰማል።

እንባዋ መጣ፤ በእጇ ጀርባ ጠረገችው። ትንሽ ጊዜ ቀርቷታል። ለመክፈቻ ያዘጋጀችውን የአበባ ሥዕል አየችውና ወደ ጎን ተወችው። በምትኩ ጥቂት መስመር ጻፈች። ለማንም አልነገረችም፣ ለበዳሳ እንኳ።

ሲጨልምም ወጣች። መንገዱ ዳር ወንበር ተደርድሯል፤ ወይዘሮ ሃረገወይን በጥልፍ ቀሚስ፣ ዘርአጽዮን በሄልሜት፣ ሠራተኞቹ ከኋላ ቆመው። ኦቦ ሁንዴ የታጠበ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሐል አቁመው የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሕንፃው ድብን ያለ ጨለማ ነው።

«የቱ ጋ ነው፣ ኢንተላ ኮ?» አሏት።

«እዚሁ ነው፣ አባዬ። ዓይንዎን እንዳይነቅሉ» አለችና ላፕቶፑን ታቅፋ ከጎናቸው ቆመች። ነካችው።

ሕንፃው ሙሉውን በራ። ከምድር እስከ ጣሪያ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ የደረሰ ጤፍ ቀለም! ሰው «ኡ!» አለ፤ መኪና ሁሉ ቆሞ ጥሩምባ ነፋ። ወይዘሮ ሃረገወይን አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ወርቃማው ግድግዳ ነፋስ እንደነካው ሁሉ እየተወዛወዘ ነው፤ አንድ እንኳ የጎደለ የለም።

ከዚያ ከጣሪያውና ከምድሩ እኩል ተነሥቶ ጨለማ ገባበት። ከላይ አንድ ረድፍ ጠፋ፣ ከታች አንድ ረድፍ ጠፋ። እንደገና። እንደገና። «ይኸው! እየጠፋ ነው!» አለ ዘርአጽዮን። «አላልኩም?» በመጨረሻ ከዚያ ሁሉ ብርሃን አምስተኛው ፎቅ ላይ አንዲት ቀጭን ወርቃማ መስመር ብቻ ቀረች። እሷም አልጠፋች፣ አልሰፋች፣ ቀጥ ብላ ቆመች። ወይዘሮ ሃረገወይን ዞረው ገንዘቤን አዩዋት። ገንዘቤ ግን ጣቷን አንዲት ቁልፍ ላይ አድርጋ የምታየው አባቷን ብቻ ነው።

ኦቦ ሁንዴ ከዘራቸውን ጨበጡ። ቀስ ብለው ተነሡ። ጋቢው ከትከሻቸው ወደቀ፣ አላነሡትም። ማሳው ከተወሰደ ወዲህ ማንም ሰምቶት በማያውቅ ድምፅ፣ በቦሌ አስፋልት ላይ ጮኹ።

«መሐሉ የማን ነው?»

ከኋላ ዱባለና ሠራተኞቹ ሁሉ፣ የላይኞቹም የታችኞቹም፣ በአንድ አፍ «የቀደመ ነው!» ብለው አስተጋቡ።

ገንዘቤ ቁልፉን ተጫነች። መስመሯ ፈነዳች፤ ከመሐል ወደ ላይና ወደ ታች ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ በዓለም ያለ ቀለም ሁሉ እየተግተለተለ ሕንፃውን አጥለቀለቀው። ጭብጨባው፣ እልልታው፣ የመኪናው ጥሩምባ አንድ ላይ ሆነ። የዘርአጽዮን ሄልሜት የት እንደገባ አይታወቅም፤ እሱን ግን ሲያጨበጭብ ብዙ ሰው አይቶታል። በዳሳና ዱባለ የወጡትንና የወረዱትን ደረጃ ረስተው ከሠራተኞቹ መሐል ተቃቅፈው ይዘላሉ።

ኦቦ ሁንዴ የልጃቸውን እጅ ያዙ፤ መዳፏን ገልብጠው እንደ ማሳ አፈር አዩት፤ ሳሙት። ገንዘቤ አለቀሰች፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አላፈረችም።

ወይዘሮ ሃረገወይን እየሳቁ መጡ። «አባባ፣ ሕንፃዬን እንዴት አዩት?»

«ሕንፃው የእርስዎ ነው፣ እመቤቴ፤ እግዜር ይባርክልዎ» አሉ ኦቦ ሁንዴ። ከዘራቸውን ወደ ላይ፣ ወደ ቀለሙ አነሡ። «ማሳው ግን የልጄ ነው።»